ስምንት ቀን ለአራት ፓርክ? ሁለቱን ሰርዢ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፋርማሲስት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጥተን የዱር እንስሳት ማየትና ፎቶ ማንሳት እንፈልጋለን። ኬንያን መርጠናል፣ ስምንት ቀን አለን። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ማሳይ ማራን፣ ናኩሩን፣ አምቦሴሊንና ሳምቡሩን የያዘ ፕሮግራም ልኮልናል። የዊልደቢስቶቹን (የቀንዳሞቹን ሣር በል እንስሳት) ወንዝ መሻገር እንድናይ ሐምሌ ላይ ሂዱ ይለናል። ካሜራዬ ካነን ነው፣ 55-250 ሌንስ አለኝ። ትልቅ ሌንስ ልግዛ? ማሳዮቹንስ እንዴት ነው ፎቶ የማነሳቸው? ገንዘብ ይጠይቃሉ ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ኬንያን በመምረጥሽ ጥሩ አድርገሻል። ከቦሌ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ቪዛ አይጠየቅም። ሰዓቱም ከኛ ጋር እኩል ነው። የላኩልሽ ፕሮግራም ግን አልጣመኝም፣ ከሱ ልጀምር።

አራቱ ፓርኮች ካርታ ላይ የተጠጋጉ ይመስላሉ። መንገድ ላይ ስትወጪ ነገሩ ሌላ ነው። ከናይሮቢ ማራ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። አምቦሴሊ በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ታንዛኒያ ድንበር፣ አራት አምስት ሰዓት ነው። ሳምቡሩ ደግሞ በስተሰሜን፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ እሱም ከማራው አይተናነስም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ያውም ጥሩ ጥሩው ሰዓት። ሹፌሩ ቶሎ ለመድረስ ንጋት ላይ ያስነሳችኋል። ፀሐይዋ ለስላሳ በሆነችበት ሰዓት እናንተ አስፋልት ላይ ናችሁ። ፓርኩ ውስጥ የምትገቡት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው።

ድርጅቱ ዋሽቷል አላልኩም። አራቱንም ታያላችሁ። አየሁ ለማለት ከሆነ ይበቃል፣ ፎቶ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። በመጀመሪያው ቀን የምታገኙት የተጋደመ አንበሳ ነው። በሁለተኛው ቀን ሹፌራችሁ መንጋው የት እንደሚያድር ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋጋ ቀድማችሁ እዚያ ትቆማላችሁ፤ ደቦሎቹ ተነስተው በእናታቸው ጭራ ሲጫወቱ ብርሃኑም እናንተም አላችሁ። አራት ፓርክ በሁለት ሁለት ቀን የዞረ ሰው አራት ጊዜ የመጀመሪያ ቀን ነው ያሳለፈው።

ስለዚህ ሁለቱን ሰርዢ። አራት ሌሊት ማራ፣ ሁለት ሌሊት አምቦሴሊ፣ የቀረው ናይሮቢ። የደረሳችሁ ዕለት ወይም በማግስቱ ጠዋት የናይሮቢን ብሔራዊ ፓርክ እዩ። በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) የተከፈተ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ትንሽ ፓርክ ነው፤ ከከተማው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ቀጭኔ ከኋላዋ ፎቆች ተደርድረው የምታነሺበት ቦታ ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብድሻል። አውራሪስም አለ። እጅሽን ለማሟሸት ግማሽ ቀን ይበቃል።

ለምን ናኩሩንና ሳምቡሩን እንደቀነስኩ ልንገርሽ። ናኩሩ በፍላሚንጎ ነበር ስሙ የገነነው። ካለፈው አሥር ዓመት ወዲህ ሐይቁ ሞልቶ የድሮውን የፓርኩን በር ሳይቀር ውኃ በልቶታል። ውኃው ጨውነቱ ሲቀንስ ፍላሚንጎዎቹ በብዛት ወደ ቦጎሪያ ሐይቅ ሄደዋል። (የኛው አብያታ ደግሞ በተቃራኒው እየሸሸ አስቸገረን።) አውራሪሶቹን ለማየት ጥሩ ነው፣ ለነሱ ብቻ ግን አንድ ቀን አላባክንም።

ሳምቡሩን መቀነስ ያሳዝነኛል፣ ቦታውን እወደዋለሁ። ግን የሳምቡሩ ልዩ እንስሳት የሚባሉት እነማን ናቸው? ሳላ፣ የሱማሌ ሰጎን፣ አንገተ ረጅሟ ሚዳቋ ጄሬኑክ፣ መረብ የመሰለ ቆዳ ያላት ቀጭኔና የግሬቪ የሜዳ አህያ። አብዛኞቹ የኛም አገር እንስሳት ናቸው። ሳላን አዋሽ ፓርክ ታገኚዋለሽ። የግሬቪን የሜዳ አህያ ስም ያሰጠው እንኳ ከኛ አገር የሄደ ስጦታ ነው፤ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የላኩት፣ በ1882 ሳይንስ የመዘገበው። ለመጀመሪያ ጉዞሽ እዚህ የሌለውን እይ፤ ሜዳውን ሞልቶ የሚሄድ መንጋ፣ አንበሳ በቀን ብርሃን፣ ከኪሊማንጃሮ ስር የሚጓዝ የዝሆን ቤተሰብ።

ወደ ጊዜው እንምጣ። ሐምሌ ሂዱ ያሉሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ የሜዳ አህዮች ጋር ከሴሬንጌቲ ወደ ማራ የሚገቡት በሐምሌ አካባቢ ነው። እስከ ጥቅምት ይቆያሉ። ወቅቱ እዚህ ክረምት ቢሆንም እዚያ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። የወንዙ መሻገር ግን ቀጠሮ የለውም። መንጋው ማራ ወንዝ ዳር ተሰብስቦ ሰዓታት ይቆምና አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም ይመለሳል። ሙሉ ቀን ጠብቀሽ አቧራ ብቻ ይዘሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ሲሻገሩም የምታይው አዞ ብቻ እንዳይመስልሽ። በዓመት በአማካይ 6,250 ዊልደቢስት ወንዙ ውስጥ ሰጥመው እንደሚሞቱ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ በግፊያና በጎርፍ ነው የሚያልቁት። ጥንብ አንሳዎቹና ዓሦቹ ያንን በልተው ይኖራሉ። ልብሽ ካልቻለ አትፍረጂበት፣ ግን ይህንንም አስቀድመሽ እወቂ።

ዋናው የኪስ ጉዳይ ነው። በማራ የውጭ አገር ሰው መግቢያ ከጥር መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ 100 ዶላር ነው። ከጁላይ 1 ጀምሮ፣ ማለትም ከሰኔ 24 ወዲህ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 200 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሰው፣ ለ12 ሰዓት። እኛ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገር ስላልሆንን የታንዛኒያና የኡጋንዳ ሰው የሚያገኘው ቅናሽ አይመለከተንም። ለሁለት ሰው፣ ለአራት ቀን ስታሰይው ልዩነቱ 800 ዶላር ነው። ታሪፉ ስለሚከለስ ከመክፈልሽ በፊት ደግመሽ ጠይቂ።

እኔን ብትጠይቂኝ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ሂዱ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፣ ሣሩ አጠር ያለ ነው፣ መኪናው ይቀንሳል። አንበሳው፣ ነብሩ፣ አቦሸማኔው፣ ዝሆኑ፣ ጅቡ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፤ ከዊልደቢስቶቹ ጋር አይሰደዱም። የተረፈውን 800 ዶላር መኪናውን ለብቻችሁ ለመያዝ አውይው። ወንዙን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልሽ ግን ሐምሌን ተዪና ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሂጂ፣ መንጋው ወደ ወንዙ በደንብ የሚደርሰው ያኔ ነው። አራቱንም ሌሊት ለዚያ ስጪው።

ስለ መኪናው ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ፎቶሽን የሚሠራው እሱ ነው። ድርጅቶች ዋጋ ለማርከስ ስድስት ሰባት ሰው በአንድ ሚኒባስ ያሳፍራሉ። አብሮሽ የተቀመጠው ሰው አንበሳውን በስልኩ ሁለት ጊዜ ካነሳ በኋላ «እንሂድ» ይላል። አልፈርድበትም፣ የመጣው ለሌላ ነው። አንቺ ግን መጠበቅ አለብሽ። ሁለታችሁ ብቻ የምትይዙት ጣሪያው የሚነሳ ላንድክሩዘር ጠይቂ። ከሆቴሉ ቀንሰሽም ቢሆን። ውድ አልጋ ላይ ተኝቶ በተጣበበ ሚኒባስ መዞር ትርፉ አይታየኝም።

ሹፌሩንም ጠይቂ። ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ አስጎብኚዎችን የሚፈትን የሙያ ማኅበር አለ፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ በሚል ደረጃ ይሰጣል። ቢያንስ ብር ያለው ሰው ስጡኝ በይ። ከዚያ በመጀመሪያው ምሽት ቁጭ ብለሽ አውሪው። ሹፌሮች በሬዲዮ ይጠራራሉ፤ አንዱ ነብር አየሁ ሲል ሁሉም ወደዚያ ይከንፋል። አንቺ ሩጫ አትፈልጊም። «አንድ እንስሳ ጋር ሁለት ሰዓት ብንቆም ደስ ይለናል» በይው። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ቱሪስት ሁሉ ያጣድፋቸዋልና።

አንድ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ መቆም አይፈቀድም። ከመንገድ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳትም በማራ ክልክል ነው። ሹፌሩን «ትንሽ ጠጋ በል» ብለሽ ጉርሻ አታሳዪው። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ነው። ማራ ውስጥ አቦሸማኔዎችን የተከታተለ በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ አንዲት እናት ከአንድ ወሊድ አሳድጋ ለወግ የምታበቃው በአማካይ 0.2 ግልገል ሲሆን፣ ቱሪስት በሚያንስበት 2.3 ነው። በመኪና የተከበበች እናት ማደኗ ይስተጓጎላል፣ ጅብና አንበሳም መኪናውን አይተው ይመጣሉ።

አቅም ካለሽ ከአራቱ ሌሊት ሁለቱን ከማራው ወሰን ማዶ ባሉት ኮንሰርቫንሲዎች አሳልፊ። እነዚህ የማሳይ ቤተሰቦች መሬታቸውን አሰባስበው ለካምፖች የሚያከራዩባቸው የጥበቃ ቦታዎች ናቸው። ናቦይሾ የሚባለው ብቻ ከ500 በላይ ባለ መሬቶች አሉት። የሚገባው መኪና በቁጥር የተገደበ ነው። ማታ በመኪና መውጣት፣ ከማሳይ አስጎብኚ ጋር በእግር መሄድ ይፈቀዳል። ማደሪያው ይወደዳል፣ ግን ኪራዩ ከብቱን ከሚያግደው ሰው ኪስ ይገባል።

አሁን ሌንስ። አትግዢ። ያንቺ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ያለ ዓይነት ከሆነ፣ ከዚያ ሌንስ ጋር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚሸጠው፣ 250ው እንደ 400 ሆኖ ያቀርብልሻል። ለአምቦሴሊ ዝሆኖች እሱም ይበዛል። ለአንበሳና ለአቦሸማኔ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚያንሰው ለወፎችና ለነብር ነው። ናይሮቢ ካሜራ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ፤ 100-400 ወይም 150-600 ለአራቱ ቀን ብቻ ተከራዪ። ማስያዣ ይጠይቃሉና ቀድመሽ በኢሜይል ተስማሚ። ትንሿን 18-55 ካለሽ አትተያት። ሰማዩ ሲጠቁርና አንዲት ግራር ብቻዋን ስትቆም ትልቁ ሌንስ ምንም አይሠራልሽም።

ሁሉም ሰው ጣሪያው ሲከፈት ተነስቶ ቆሞ ያነሳል። አንቺ ቁጭ በይ። ከጣሪያ ላይ ያነሳሽው አንበሳ ወደ ታች የታየ ድመት ይመስላል። በመስኮቱ፣ ከዓይኑ ትይዩ ስታነሺው ነው ግርማው የሚመጣው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ንዝረቱ ምስል ያደበዝዛል። ባዶ የጨርቅ ከረጢት ይዘሽ ሂጂና እዚያ ሩዝ ወይም ባቄላ ሞልተሽ መስኮቱ ላይ አድርጊ፣ ሌንሱ ይደገፍበታል። ስትመለሺ ባቄላውን ለሹፌሩ ትሰጪዋለሽ። ለቆመ እንስሳ 1/500፣ ለሚሮጥ 1/2000 ፍጥነት ይበቃል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ አውቶ አድርገሽ እስከ 6400 ፍቀጂለት። አይኤስኦ ከፍ ማድረግን የሚፈራ ሰው የደበዘዘ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ግን ይታረማል። አቧራ ውስጥ ሌንስ አትቀያይሪ። ቀትር ላይ መሬቱ ሙቀት ስለሚያወጣ ሩቅ ያለ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ምሳ ብሉ፣ ተኙ።

አምቦሴሊ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ኪሊማንጃሮ፣ 5,895 ሜትሩ ተራራ፣ ያለው ታንዛኒያ ውስጥ ነው፤ መልኩ የሚያምረው ግን ከኬንያ በኩል ነው። ማለዳ ይገለጣል፣ ረፋዱ ላይ ደመና ይለብሳል። አንዳንዴ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ እናንተ በሩ ላይ ሁኑ። ሰዓቱን ስነግርሽ አይገርምሽ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ የፀሐይ መውጫ 12 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ስታወሪያቸው ግን በፈረንጁ ይቆጥራሉ። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ።

ማሳዮቹን ስለማንሳት። ኦሞ ወርደሽ ከሆነ የፎቶውን ንግድ አይተሽዋል። በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ይባላል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ቱሪስቱ ያነሳል፣ ብሩን ሰጥቶ ይሄዳል። ፎቶው ላይ የሁለቱም ድካም ይታያል። ማሳይ ማራም ለቱሪስት የተዘጋጁ መንደሮች አሉ። በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፣ ወጣቶቹ ይዘላሉ፣ እሳት በእንጨት ይጭራሉ፣ በመጨረሻ ዶቃ መሸጫው ጋ ትደርሻለሽ። ትርኢት ነው፣ ትርኢት መሆኑም ነውር የለበትም። ግን የከፈልሽው ገንዘብ ከመንደሩ ይልቅ ሹፌሩ ጋ የሚቀርበት ጊዜ አለ ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ክፍያውን ራስሽ፣ ለመንደሩ ኃላፊ በእጁ ስጪ።

ገንዘብ መጠየቃቸው አያስፈራሽ። ሰውየው ሥራውን ትቶ ቆሞልሻል። የሚያስጠላው በእያንዳንዱ ፎቶ መደራደር ነው። እኔ የምመርጠው መጀመሪያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከቶ መቀመጥ ነው። «ሶፓ» ብለሽ ሰላም በይ። ልጆች ጎንበስ ብለው አናታቸውን ያቀርቡልሻል፤ በመዳፍሽ ነካ አድርጊያቸው፣ የአክብሮት ሰላምታ ነው። ሴቶቹ ጋ ተቀምጠሽ ዶቃ ሲሰኩ እይ፣ ከራሳቸው እጅ ግዢ። ከዚያ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ወይ ብለሽ ብትጠይቂ መልሱም ፊቱም ሌላ ይሆናል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ከሩቅ በትልቅ ሌንስ መስረቅ ለእንስሳ እንጂ ለሰው አይሆንም። ልጆችን ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሺ፣ ከረሜላም አትበትኚ።

ማሳይ እንደ ቦረና በዕድሜ እርከን የተደራጀ ሕዝብ ነው። ወንዶቹ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚሸጋገሩባቸው ሦስት ሥርዓቶች በ2018 ዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የኛ ገዳም በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ በሌላኛው፣ በወካይ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቢሆንም። ሥርዓቱ በየዓመቱ የሚኖር ስላልሆነ «ዛሬ ልዩ ሥነ ሥርዓት አለ» ብሎ ትኬት የሚሸጥልሽ ካለ ጠርጥሪ።

ፊት ስታነሺ ደግሞ አንድ ቴክኒክ ያዢ። ጥቁር ፊት ከኋላው የሚያበራ ሜዳ ካለ ካሜራው ተታሎ ያጨልመዋል። መለኪያውን ፊቱ ላይ አድርጊ፣ ወይም ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጊ። ፀሐይ ላይ አታቁሚያቸው። የጎጆ በር ጥላ ውስጥ፣ ፊት ወደ ውጭ፣ ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ የለም።

የቀሩትን ጥቃቅን ነገሮች ልጥራቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል። ስለ ወባ መድኃኒቱ አንቺው ታስተምሪኛለሽ። ፌስታል ይዘሽ እንዳትገቢ፤ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ፓርክ ውስጥ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስም አይፈቀድም። ድሮን እዚያም እዚህም ጣጣ ነው፣ ተዪው። አቅርቦ ማያ መነጽርም ገዝተሽ አትምጪ፤ ያለ ፈቃድ ከሆነ ቦሌ ላይ ይያዝብሻል። ሹፌሮች ስላላቸው ተዋሺ። ካሜራና ሌንስሽን ስትወጪ ጉምሩክ አስመዝግቢ፣ ስትመለሺ ቀረጥ ክፈይ እንዳትባይ። ማራ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ ላይ አትተማመኚ፣ በካርድ ወይም በኤምፔሳ ነው፤ ድርጅቱ ቀድሞ ቢከፍልላችሁ ይሻላል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ለካምፑ አስቀድማችሁ ንገሩ። ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ እና በዘይት የተሠራ ሱኩማ ዊኪ፣ የኛው ጎመን ማለት ነው፣ የትም አይጠፋም።

ለድርጅቱ መልሰሽ ስትጽፊ አራት ነገር ጠይቂ። መኪናው ለብቻችን ነው ወይ? ሹፌሩ ደረጃው ስንት ነው? ማደሪያው ከፓርኩ በር ውስጥ ነው ውጭ? የመግቢያው ክፍያ ከዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው? ጥርት ያለ መልስ ከሰጡሽ ያንኑ ድርጅት በአዲሱ ፕሮግራም ያዢ። ካድበሰበሱ ሌላ ፈልጊ፣ ናይሮቢ አስጎብኚ ሞልቷል።